«ካንሰር አልታየበትም»፦ የጀርመኑ አልጋ ወራሽ ጉሮሮና የናሙናው ጉዳይ

ጁን 1887 ላይ ከበርሊን አንድ የምርመራ ውጤት ወጣ። የፈረመው ሩዶልፍ ፊርኾ ነው። በሽታን በማይክሮስኮፕ በማየት በዘመኑ ከሱ በላይ የሚታመን ሰው አልነበረም። የተመረመረችው ቁራጭ የመጣችው ከጀርመኑ አልጋ ወራሽ ከፍሬድሪክ ማንቁርት ነው። ወረቀቱ ካንሰር አይልም። በዓመቱ፣ በዚያው በጁን ወር፣ ፍሬድሪክ በማንቁርት ካንሰር ሞቱ።

ዛሬ አንገቱ ላይ እብጠት ወጥቶበት በመርፌ ናሙና የሚሰጥ ሰው እጁ ላይ የሚገባው ወረቀት የዚህኛው ወረቀት የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ እንየው። ቀኖቹን የጻፍኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ድምፃቸው የጎረነነው አልጋ ወራሽ

ፍሬድሪክ 55 ዓመታቸው ነበር። አባታቸው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ቪልሄልም 90 ሊሞላቸው ነው። ዙፋኑ ዛሬ ነገ የሚባልበት ጊዜ ነበር። ባለቤታቸው ቪክቶሪያ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የበኩር ልጅ ናቸው። ፍሬድሪክ የእንግሊዝ ዓይነት የፓርላማ ሥርዓት ይወዳሉ ስለሚባል፣ በበርሊን ተስፋ የጣለባቸውም የሚፈራቸውም ሰው ብዙ ነበር። ፓይፕ ያጨሳሉ።

በ1887 መግቢያ ላይ ድምፃቸው ጎረነነ። መጀመሪያ ጉንፋን መሰለ። ሳምንቱ ቢቆጠርም አልለቅ አለ። ዛሬ ሐኪሞች የሚሠሩበት መመሪያ ድምፁ ጎርንኖ አራት ሳምንት ያለፈው ሰው ማንቁርቱ በመሣሪያ ይታይለት ይላል። የሚያጨስ ሰው ከሆነ ደግሞ ያን ያህልም አይጠበቅም።

በማርች መጀመሪያ የበርሊኑ ፕሮፌሰር ካርል ገርሃርት አያቸው። በግራው የድምፅ አውታር ጠርዝ ላይ ትንሽ እባጭ አገኘ። በሽቦ ቀለበት አንቆ ሊያወጣው ሞከረ፤ አልያዝ አለው። ከዚያ በኤሌክትሪክ በጋለ የፕላቲነም ሽቦ ቀን በቀን ያቃጥለው ጀመር። ፍሬድሪክ ያለ ምንም ማጉረምረም ቻሉት። ለማይክሮስኮፕ የሚሆን ናሙና ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ አልተወሰደም። በኤፕሪል አካባቢ ወደ ባድ ኤምስ ፍልውሃ ሄደው ከረሙ። በሜይ ሲመለሱ እባጩ ተመልሶ በቅሏል። ከበፊቱም በልጧል።

ሌላም ነገር ነበር። የግራው አውታር እንደ ቀኙ ፈጠን ብሎ አይንቀሳቀስም። እዚህ ጋ ልብ በሉ። ላይ ላዩን ብቻ የበቀለ እባጭ ከሥሩ ያለውን ጡንቻ አይዝም። አውታሩ ከተንቀራፈፈ አንድ ነገር ወደ ታች እየገባ ነው ማለት ነው። ገርሃርት ይህን አይቷል። ካንሰር ነው ብሎ የጠረጠረውም ለዚህ ነው።

ቀዶ ሐኪሙ ኤርንስት ፎን ቤርግማን ተጠራ። የሱ ሐሳብ አንገቱን ከፊት ከፍቶ፣ ማንቁርቱን ለሁለት ሰንጥቆ እባጩን ነቅሎ ማውጣት ነበር። ለሜይ 21 ዝግጅት ተጀመረ። ቻንስለር ቢስማርክ ኋላ በማስታወሻው እንደጻፈው፣ ሐኪሞቹ ለበሽተኛው ሳይነግሩ በማደንዘዣ አስተኝተው ሊቀዷቸው አስበው ነበር። እሱ ለንጉሠ ነገሥቱ አሳወቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ልጃቸው ሳይፈቅዱ አይሆንም አሉ። የዚያን ጊዜ የማንቁርት ቀዶ ሕክምና ብዙ ሰው የማይተርፍበት ነበር። የተረፈውም ድምፁን ሊያጣ ይችላል። ሊነግሥ ለተቃረበ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መስተዋትና መቆንጠጫ

ሜይ 20 ላይ ከለንደን ሞሬል ማኬንዚ ደረሰ። የጉሮሮ ሐኪም ነው፤ በ1863 ለንደን ውስጥ የጉሮሮ በሽታ ሆስፒታል ያቋቋመው እሱ ነው። ገና እንዳየ አንድ ነገር ላይ ድርቅ አለ። ካንሰር ለመሆኑ ማስረጃ ሳይኖር አንገት አይከፈትም። መጀመሪያ ናሙና ይወሰድ፤ ፊርኾ ይየው።

በሚቀጥለው ቀን ለቀዶ ሕክምና በተቀጠረው ሰዓት ፋንታ ናሙና ተወሰደ። አወሳሰዱ ሊታይ የሚገባው ነው። በዚያ ዘመን ኤክስሬይ የለም፤ ገና ስምንት ዓመት ይቀረዋል። ያለው መስተዋት ነው። የዘፈን መምህሩ ማኑኤል ጋርሲያ በ1854 የራሱን የድምፅ አውታሮች ያየበት ዓይነት፣ ረጅም እጀታ ያላት ትንሽ ክብ መስተዋት። በሽተኛው ይቀመጣል። ምላሱ በጨርቅ ተይዞ ወደ ፊት ይሳባል። መስተዋቷ በትንፋሽ እንዳትሸፈን ሞቅ ተደርጋ ወደ ላንቃው ጀርባ ትገባለች። ብርሃኑ ከመብራት ተንጸባርቆ ነው የሚደርሰው። ሐኪሙ በአንድ እጁ መስተዋቷን ይዞ፣ በሌላው እጁ ቆልመም ያለ መቆንጠጫ ወደ ታች ይሰዳል። የፊተኛው ወደ ላይ፣ የኋለኛው ወደ ታች ሆኖ በሚታይ ምስል እየተመራ ማለት ነው። የሚፈልገው ቦታ የአዋቂ ወንድ አውታር ነው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። በሽተኛው ቢያስል ወይም ቢውጥ ሁሉም ነገር ይንቀሳቀሳል።

ይህም በምስል የተመራ ናሙና ነው። ምስሉ ግን የሚያሳየው ቆዳውን ብቻ ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ፣ ምን ያህል እንደገባ መስተዋት አይናገርም።

የመጀመሪያዋ ቁራጭ በጣም ትንሽ ነበረች። ፊርኾ የተቆጣ ሥጋ እንጂ ሌላ አላየባትም፤ ተጨማሪ ላኩ አለ። ከሁለት ቀን በኋላ እንደገና ተሞከረ። ገርሃርት በዚያን ቀን ጤነኛው የቀኝ አውታር ተነክቷል ብሎ ከሰሰ። ማኬንዚ ካደ። ጁን 8 ላይ ሌላ ቁራጭ ተወሰደ፤ ይህችኛዋ ተለቅ ትላለች። የፊርኾ መልስ «ፓኪደርሚያ ቬሩኮሳ» የሚል ነበር። ወፍሮ የጠነከረ፣ ኪንታሮት መሳይ የላይኛው ሽፋን ማለቱ ነው። ከተቆረጠበት ወገን ያለው ሥጋ ጤነኛ ይመስላል፤ ተስፋ ይሰጣል ሲል ጻፈ።

እዚያው ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ አስገብቷል። ይህ ፍርድ ለበሽታው በሙሉ ይሠራ እንደሆነ ከተላኩት ቁራጮች ብቻ በእርግጠኝነት ማለት አይቻልም የሚል ነው። እኔ በዚህ ጉዳይ ውስጥ ትልቁ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው እላለሁ። ቤተ መንግሥቱም፣ ጋዜጦቹም፣ ማኬንዚም የያዙት «ካንሰር የለም» የሚለውን ነው። ጥንቃቄውን ያነሳው ሰው ጥቂት ነው።

ካንሰር ካንሰር የሚባለው መልኩ ስለከፋ ብቻ አይደለም። አጥሩን ጥሶ ከሥሩ ወዳለው ሥጋ ሲገባ ነው። ያን ለማየት ከላይም ከሥርም ያለበት ናሙና ይፈለጋል። ጠንቃቃ የእህል ገዥ ከጆንያው አፍ ያለውን አይቶ ገንዘቡን አይቆጥርም፤ ክንዱን እስከ ታች ያስገባል። የማኬንዚ መቆንጠጫ የዘገነው ከአፉ ነበር።

ዛሬ መርፌው እንዴት ይሄዳል

አሁን ወደ ዛሬው የምርመራ ክፍል እንግባ። በማንቁርት ውስጥ የበቀለ እባጭ ዛሬም ብዙውን ጊዜ በመርፌ አይመረመርም። በሽተኛው በሙሉ ማደንዘዣ ተኝቶ፣ ሐኪሙ በቀጥታ እያየ በመቆንጠጫ ይወስዳል። የመርፌው ሜዳ አንገት ነው፦ ንፍፊት፣ እንቅርት፣ የምራቅ ዕጢ። የማንቁርት ካንሰርም ቢሆን ወደ አንገት ንፍፊት ሲዛመት በመርፌ የሚደረስበት እዚያ ነው።

በ1930 የኒው ዮርኩ ሜሞሪያል ሆስፒታል የራስና የአንገት ቀዶ ሐኪም ሃይስ ማርቲን ከባልደረባው ከኤድዋርድ ኤሊስ ጋር በመርፌ መጥጦ ናሙና የመውሰድን ዘዴ ጽፎ አወጣ። መርፌያቸው 18 ቁጥር ነበር። የመርፌ ቁጥር በጨመረ መጠን መርፌው ይቀጥናል። ዛሬ ለአንገት የሚያዘው ከ22 እስከ 27 ያለው ነው፤ ለክትባት የምንወጋበትን ያህል ቀጭን። እነ ማርቲን በጣት ዳብሰው ነበር የሚወጉት። ዛሬ ግን አልትራሳውንድ አለ።

ሰውየው በጀርባው ይተኛል። ትከሻው ሥር ትራስ ይገባና አንገቱ ቀና ይላል። ጄል ይቀባል። ስክሪኑ ላይ ካሮቲድ የሚባለው ትልቁ የደም ቧንቧ ጥቁር ክብ ሆኖ ትር ትር ይላል። አጠገቡ ያለው ደም መላሽ፣ መሣሪያውን ጫን ሲያደርጉት ይጠፈጠፋል። እብጠቱ በመሃላቸው ወይም ጎናቸው ግራጫ ሆኖ ይታያል። መርፌው ሲገባ ነጭ መስመር ይመስላል። ሐኪሙ ዓይኑን የማይነቅለው ከጫፉ ነው። «አሁን አይዋጡ፣ አይናገሩ» ይላል። ጫፉ እብጠቱ ውስጥ መሆኑ በዓይን ሲታይ መርፌውን ቶሎ ቶሎ ወደ ፊት ወደ ኋላ ያመላልሰዋል። ሴሎቹ መርፌው ውስጥ ይገባሉ። ያ ጠብታ ስላይድ ላይ ይፈስና በሌላ ስላይድ ስስ ተደርጎ ይሳባል። ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ተወግቶ አይበቃም፤ ከተለያየ ጥግ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል። ፓቶሎጂስቱ፣ ማለትም ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም፣ እዚያው ካለ ስላይዱን ቀለም ነክሮ በማየት «ይበቃል» ወይም «ድገመው» ይላል። ይህ ዕድል ያለበት ቦታ በሽተኛው ለሁለተኛ ቀጠሮ አይንከራተትም።

ከእብጠቱ የትኛው ክፍል ይወጋ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። መሃሉ ውሃ የቋጠረ ወይም የሞተ ሥጋ ከሆነ፣ ከመሃል የሚመጠጠው ፈሳሽ ብዙ ሴል የለውም። ውጤቱ ንጹሕ ይመስላል። ካንሰሩ ያለው ከዳር፣ ከግድግዳው ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው አንገት ላይ የወጣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ካንሰር ይታያል። አልትራሳውንዱ ጠጣሩን ጥግ ያሳያል፤ መርፌውም ወደዚያ ይመራል። በጣት ዳብሶ የሚወጋ ሰው ይህን ማወቂያ የለውም።

ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ከተጠረጠረ ቀጭኑ መርፌ ብቻውን አያዋጣም። ሴሎቹ እንዴት እንደተደረደሩ መታየት አለበት። ያን ጊዜ ወፈር ባለ መርፌ ቀጭን ዘንግ የምታክል ሥጋ ተቆርጣ ትወጣለች፤ አለዚያም ንፍፊቱ በሙሉ ይወጣል።

ፓቶሎጂስቶችም ከፊርኾ ዘመን ወዲህ ያን ጥንቃቄ ከግርጌ አንስተው ከላይ አድርገውታል። ለእንቅርት ናሙና የሚጠቀሙበት የቤተስዳ አሠራር ስድስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው ደረጃ ደህናም ካንሰርም አይልም፤ «ናሙናው አይበቃም» ነው የሚለው። እንዲያው በግምትም አይደለም። ናሙና በቂ የሚባለው ቢያንስ 6 የሴል ስብስብ ሲኖረው፣ በያንዳንዱ ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 10 ሴል ሲታይ ነው። አራተኛው ደረጃ የበለጠ ይገርማል። ሴሉ በሙሉ ጥርት ብሎ እየታየ ካንሰር ይሁን አይሁን በመርፌ መለየት የማይቻልበት የእንቅርት ዓይነት አለ። ልዩነቱ ያለው እብጠቱ ሽፋኑን ጥሶ ወጥቷል ወይስ አልወጣም በሚለው ላይ ነው። መርፌ ሽፋኑን ቆርጦ አያመጣም። ይህ በቀጥታ የፍሬድሪክ ጉዳይ ነው።

በአገራችን የአንገት ንፍፊት ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ቲቢ ነው። ቲቢ ብዙ ስለሆነ ትክክል ነው። ኤፍኤንኤ የሚባለው ይህ የቀጭን መርፌ ናሙና የሚታዘዘው በአብዛኛው ለዚህ ነው፤ የተመጠጠው የቲቢን ጀርም በዘረ መሉ ለሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራም ይላካል። ችግሩ የሚመጣው መድኃኒቱ ተጀምሮ እብጠቱ እያደገ ሲሄድ ነው። አንዳንዴ የቲቢ ንፍፊት በሕክምናው መሃል ያብጣል፤ ያ የታወቀ ነው። ግን የመጀመሪያው ናሙና ደካማ ከነበረ ዝም ብሎ ስድስት ወር መጠበቅ አይገባም። መርፌው ይደገም።

«መርፌ ከነካው ይበተናል» የሚል ስጋትም እሰማለሁ። ቀጭን መርፌ በመንገዱ ካንሰር ዘርቶ የሄደበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት ነው። በፍርሃት የሚባክኑት ወራት ግን በብዙ ሰው ላይ ጉዳት ያደርሳሉ። ይህን ፈርቶ የቀረ ሰው ቤተሰባችሁ ውስጥ ካለ እባካችሁ ንገሩት።

ዘጠና ዘጠኝ ቀን

ፍሬድሪክ በጁን 1887 ለአማታቸው የንግሥና 50ኛ ዓመት በዓል ለንደን ነበሩ። በሰልፉ ላይ በፈረስ ሲያልፉ ሕዝቡ በአድናቆት አያቸው። ማኬንዚ እዚያም ናሙና ወሰደ፤ ፊርኾ አሁንም ካንሰር አላገኘበትም። በሴፕቴምበር ማኬንዚ የ«ሰር» ማዕረግ ተሰጠው።

በኖቬምበር መጀመሪያ ጣሊያን ሳን ሬሞ ሲገቡ ከአውታሩ በታች አዲስ እብጠት ታየ። መልኩ የተለየ ነበር። ማኬንዚ በመጽሐፉ እንደተረከው፣ ፍሬድሪክ ካንሰር ነው ወይ ብለው ጠየቁት። እሱም በጣም ይመስላል፣ ግን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም ብሎ መለሰ። ከቪየናና ከጀርመን የተጠሩት ሐኪሞችም ካንሰር ነው አሉ። ማንቁርቱን በሙሉ ማውጣት እንደ አማራጭ ቀረበ። ፍሬድሪክ አልፈለጉም።

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1888 ትንፋሽ አጠራቸው። የቤርግማን ረዳት ብራማን አንገታቸውን ከፍቶ የአየር ቱቦ አስገባ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸው አልተሰማም። ማርች 9 አባታቸው ሞቱና ነገሡ። መናገር የማይችል ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ትእዛዛቸውን በወረቀት ቁራጭ ላይ ይጽፉ ነበር። በዚያው ወር አናቶሚስቱ ቫልዳየር ሲያስሉ ከወጣ ነገር ውስጥ የካንሰር ሴል አየ። ጁን 15 ፖትስዳም ውስጥ አረፉ። የነገሡት 99 ቀን ነው። ልጃቸው ዳግማዊ ቪልሄልም በ29 ዓመታቸው ተተኩ። የ1914ቱ ጦርነት ሲመጣ በዙፋኑ ላይ የነበሩት እሳቸው ናቸው። አባትየው ቢኖሩ ኖሮ የሚለውን ክርክር ለታሪክ ሰዎች እተወዋለሁ።

ሬሳውን የመረመሩት ፊርኾና ቫልዳየር ነበሩ። ማንቁርቱ በካንሰር ፈርሷል። ከዚያ የመጻሕፍት ጦርነት ተነሣ። የጀርመን ሐኪሞች ማኬንዚን ከሰሱ፤ እሱም በዚያው ዓመት የራሱን መጽሐፍ አወጣ። መጽሐፉን በማውጣቱ የለንደኑ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ወቀሰው። በ1892 ሞተ።

እኔ ማኬንዚን ናሙና በመጠየቁ አልወቅሰውም። ያለ ማስረጃ አንገት አይከፈት ያለው ትክክል ነበር፤ ዛሬ ሁሉም ሐኪም የሚለው ይህንኑ ነው። ፊርኾም ያየውን በትክክል ጻፈ። የተበላሸው ከዚያ ወዲያ ነው። እባጩ ተነቅሎ ይበቅላል። አውታሩ ተንቀራፍፏል። በሽተኛው አጫሽ ናቸው፤ 55 ዓመታቸው ነው። ይህ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማል። ወረቀቱ ብቻውን ወደ ሌላ። ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በሽተኛውን ያየው፣ ምስሉን ያነበበውና ማይክሮስኮፑን ያየው ተቀምጠው ሦስቱ ካልተስማሙ ናሙናው ይደገማል፤ ከሌላ ቦታ፣ ጠለቅ ተብሎ። በዚያ ክረምት ግን ሐኪሞቹ በወገን ተከፍለው ነበር። አንዱ የሌላውን ዓይን አያምንም። ቀድሞ ቢከፈት ይድኑ ነበር ወይ ለሚለው በዘመኑ የነበረውን የቀዶ ሕክምና አደጋ እያየሁ አዎ ለማለት አልደፍርም።

በ1948 አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ሎረን አከርማን አንድ የካንሰር ዓይነት ለይቶ ጻፈ። ቬሩከስ ካርሲኖማ ይባላል። ላዩ ወፍራም ኪንታሮት ነው። ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ጤነኛ ይመስላሉ። ከሥሩ ግን በሰፊው እየገፋ ወደ ውስጥ ይገባል። የፊርኾን ገለጻ እንደገና ያነበቡ አንዳንድ ሐኪሞች የፍሬድሪክ በሽታ ከዚህ ዓይነት ሊሆን ይችላል ብለዋል። ዛሬ ፓቶሎጂስት ጋ እንዲህ ያለ ላይ ላዩን የተቆረጠ ናሙና ሲደርስ፣ የታችኛው ክፍል ስለሌለበት ወረራ መኖር አለመኖሩን መወሰን አይቻልም፣ ጠለቅ ያለ ናሙና ይላክ ብሎ ጽፎ ይመልሰዋል።